መሪውን ማን ይዞ ነበር?

የእህቴን ባል ወደቡ ላይ ካፒቴን የማይለው የለም። ሃያ አምስት ሰው ለምትጭን የእንጨት ጀልባ ማዕረጉ ትንሽ ይበዛል፤ እሱ ግን የምሩን ነው የወሰደው። ጠዋት ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ ተሳፋሪ ሁሉ እያየው መሪው ፊት ጉብ ይላል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ንግግር ሊያደርግ የተነሳ ሰው ነው የሚመስለው።

ጀልባዋ ማዶ ደሴቷ ላይ የሚሠሩ መምህራንን፣ ነርሶችንና የሽንኩርት ነጋዴዎችን ታመላልሳለች። መንገዱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ካፒቴኑ መሪ የሚይዘው ሲነሱና ሲደርሱ ብቻ ነው። ያኔም እህቴ ከኋላው ቆማ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች። ቀኙን ስትጫነው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ግራውን ስትጫነው ወደ ግራ። ተሳፋሪው «ሲዋደዱ!» ይላል። ከወደቡ ራቅ ሲሉ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የቀረውን መንገድ የምትነዳው እሷ ናት።

ካፒቴኑ አያይም። የዓይን ግፊት ይዞት ዙሪያው ቀስ በቀስ እየጨለመ መጣ። መጀመሪያ ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ያህል ነበር፤ ስድስተኛው ዓመት ላይ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እህቴና እኔ ብቻ ነን። አስምሎናል። የወደቡ ሰው «ዕውሩ ካፒቴን» ብሎ ሲስቅበት ከሚሰማ ሞቱን እንደሚመርጥ ነግሮናል፤ እኔም አምኜዋለሁ፣ ምክንያቱም ያ ወደብ ለሳቅ ሲሆን ማንንም አይምርም።

እህቴ የጀልባ መንጃ ፈቃድ አላት። ከባሏ ጋር ያወጡት በአንድ ቀን ነው፤ በፈተናው እንዲያውም በልጣዋለች። ይህ ወሬ እሱ ባለበት አይነሳም።

እኔ ከወደቡ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። የጀልባዋን የኢንሹራንስ ውል ሁለት ኮፒ አድርጌ የሰጠኋቸው በእነዚህ እጆቼ ነው። ሃያ ሁለት ገጽ ነበር። አንዲት መስመር አላነበብኩም! ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፤ የማየው ቀለሙ መድመቁንና ጠርዙ አለመቆረጡን ነው። ሦስታችንም ግን ውሉ ምን እንደሚል እርግጠኞች ነበርን። ውሉ የተፈረመው በእሱ ስም ነው፤ ስለዚህ ኢንሹራንሱ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። እሷ መሪ ይዛ አንድ ነገር ከተፈጠረ አለቀልን። ይህን ማን ነገረን? ማንም።

አደጋው የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ድንገት ነፋስና ዝናብ መጣ፤ ተሳፋሪው ሸራ ስር ገብቶ ተሸጎጠ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ትንሽ ጀልባው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ መረቡን ሊያወጣ ይታገል ነበር። እህቴ በዝናቡ መሀል ስታየው በጣም ቀርባለች። መሪውን ጠመዘዘች፤ ጀልባዋ ግን በጎኗ ሄዳ መታችው። እግሩ በሁለቱ ጀልባዎች መሀል ገባ። ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት። ወደቡ ሲቃረብ በደም የተነከረ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ባሏን መሪው ፊት አስቀመጠችው።

ሐኪሞቹ የዓሣ አጥማጁ አጥንት ደቅቋል አሉ። ለጊዜው አስረውታል፤ ውሎ አድሮ ብረት ገብቶለት ካልተጠገነ ግን እግሩ ይቆረጣል። ወጪውን ወይ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ ወይ ጀልባዋ ትሸጣለች። ከጀልባዋ ሌላ የሚበሉበት ነገር የላቸውም።

ሁለቱም ውሃ እየተንጠባጠቡ ሱቄ ገቡ። በሩን ዘጋሁ።

«ለኢንሹራንሱ ጻፊ» አለኝ ካፒቴኑ። «ጀልባውን ስነዳ የነበርኩት እኔ ባለንብረቱ ነኝ በይ።»

እህቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እውነቱን ብንናገርስ?» አለች። «እኔ ነበርኩ ብንልስ?»

«አንቺ ውሉ ላይ የለሽም! ሰውዬው እግሩን ሊያጣ ነው፣ አንቺ እውነት ትያለሽ?»

ወደ እኔ ዞረች። ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ሲጨንቃት ታናሿ መሆኔን ትረሳና እንደ ዳኛ ታየኛለች። «ጋሼ ልክ ናቸው፣ እትዬ» አልኳት። እጄን በቆረጠው! ጻፍኩት። አሳምሬ፣ ያለ አንዲት ስሕተት። ከዚያ የካፒቴኑን ጣት ይዤ መፈረሚያው መስመር ላይ አሳረፍኩለት።

በሦስተኛው ሳምንት የኢንሹራንሱ ቢሮ ካፒቴኑን ጠራው። እህቴ ሆስፒታል የዓሣ አጥማጁን ሚስት ተክታ ታስታምም ስለነበር ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ስንወጣ ክንዱን እንደ ዘመድ ቆልፌ ያዝኩ፤ እሱም እንደ ጤነኛ ቀና ብሎ ተራመደ። የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ልጅ እግር ናት። ትሑት መሆኗ አበሳጨኝ፤ ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር።

«አባቴ፣ አይጨነቁ» አለችው። «ጀልባዎቹ እንዴት እንደነበሩ እዚህ ላይ ሥለው ያሳዩኝ።» ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቱ አኖረች።

እስክሪብቶውን በዳሰሳ አገኘው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አንድ ረጅም መስመር ሣለ፤ ከወረቀቱ ውጪ፣ ጠረጴዛው ላይ። ሌላ መስመር ጨመረ። «ይቺ የእኔ ጀልባ ናት» አለ፣ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ። «ይቺ ደግሞ የእሱ።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች፣ እሱን አየች።

«አባቴ፣ ዓይንዎ ያያል?»

ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አያለሁ። ልጅቷ ማየት የማይችል ሰው ነድቶ ላደረሰው ጉዳት ኢንሹራንሱ እንደማይከፍል ቀስ ብላ ነገረችን። ያኔ አፌ አመለጠኝ። «እሳቸው አልነዱም!» አልኩ። «እህቴ ናት! መንጃ ፈቃድ አላት፣ ስድስት ዓመት የነዳችው እሷ ናት!» ካፒቴኑ ክንዴን ጨመቀኝ፤ አላቆምኩም።

ልጅቷ ውሉን ከፋይሉ አወጣች። ያንኑ ሃያ ሁለት ገጽ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ጣቷን አድርጋ አነበበች፦ «መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው በባለንብረቱ ፈቃድ ጀልባውን በሚነዳበት ጊዜ፣ ባለንብረቱ ያለው ሽፋን ለእሱም ይሆናል።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ካፒቴኑ።

«ባለቤትዎ ሽፋን ነበራቸው ማለት ነው። እርስዎ ከፈቀዱላቸው ስማቸው ባይጻፍም ችግር የለውም።»

ያን ገጽ በእጄ ሁለት ጊዜ የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ አስተኝቼዋለሁ።

«ፈቅጄላታለሁ» አለ ካፒቴኑ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አላይም፤ ስለማላይ መሪውን ሰጠኋት። ጻፊው፣ የኔ ልጅ። ከፈለግሽ ወደቡ ላይ ለጥፊው!»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሆኖም ሌላ ገጽ ገለጠች። ባለንብረቱ ስለ አደጋው አውቆ የሐሰት ቃል ከሰጠ የካሳ መብቱን ያጣል ይላል። ከጎኑ እኔ አሳምሬ የጻፍኩት ወረቀት ከነፊርማው ተያይዟል።

«በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ብትነግሩን እስካሁን ተከፍሎ ነበር» አለች። ለመንኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። የዛሬውን ቃላችንን ለአለቆቿ ጻፈች፤ ተስፋ ግን አልሰጠችንም። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ አይከፈልም።

ወረቀቱን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የሰውዬውን ፎጣ ታጥፋለች። እኔ መናገር ስጀምር ካፒቴኑ ዝም በይ አለኝ። ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ አሥራ አንደኛውን ገጽ ሳይቀር። በቃሉ ይዞታል። በኮሪደሩ የሚያልፈው ሰው እየሰማው ነው፤ ድምፁን እንኳ አልቀነሰም።

እህቴ አልጮኸችም። «ጀልባዋ ትሸጥ» አለች። «የሰውዬው እግር ይዳን።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«እና ያን ሁሉ ጊዜ ተፈቅዶልኝ ነበር?» አለች።

«ተፈቅዶልሽ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «የገዛ ጀልባዬን እንደ ሌባ ነዳሁ እኮ።»

ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። ካፒቴኑ እጁን ሰደደ፤ ትከሻዋ የት እንዳለ ግን አላገኘውም።