የሕንዱን ፊልም መጨረሻ የቀየርኩት እኔ ነኝ

እኔ የሕንድ ፊልም ደራሲ ነኝ። ሕንድ አገር አልረገጥኩም፣ ሕንድኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። አታምኑኝም፤ ናይሮቢ ውስጥ የሚያምነኝ የለም፣ ባለቤቴን ጨምሮ።

አዲስ አበባ ጎረምሳ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ፊልሙ በሕንድኛ፣ ተመልካቹ በአማርኛ፣ መሃል ላይ እኔ! ቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዤ እቆምና እተረጉማለሁ። የተዋናዩን ፊት አይቼ ነው የምናገረው። እሱ ሲያለቅስ አስለቅሳለሁ፣ ሲዘፍን ውሃ እጠጣለሁ። ማዶ ያለው ቪዲዮ ቤት ሕንድኛ የሚችል ተርጓሚ ነበረው፤ የሚተረጉመው ግን ለባዶ አግዳሚ ነው።

ሁሌ ከፊት የምትቀመጥ የአስመራ ሴት ነበረች፤ አደይ ነው የምንላት፣ በሷ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ልጇ ዘምቶ አልተመለሰም። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። አደይ አንድ ፊልም ነበር የምትወደው። እናት ልጇን ስትጠብቅ ታረጃለች፣ መጨረሻ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በሯን ያንኳኳል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ! ፖሊስ ሆኜ መጣሁልሽ!» እላለሁ በሱ ፈንታ። እናትየው ደረቱ ላይ ትወድቃለች። ቪዲዮ ቤቱ ያጨበጭባል።

ዘመን አለፈና አደይን ናይሮቢ አገኘኋት። እኔ ዲሽና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው። ዌስትላንድስ ውስጥ እጄ ያልነካው ጣሪያ ካለ ዲሽ የሌለው ነው። አደይ ደግሞ ኢምባካሲ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። በቅርቡ ታመመችና ልጠይቃት ስሄድ «ያንን ፊልም አንዴ አሳየኝ፣ ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ።

ፓርክላንድስ ሰፈር የድሮ ፊልም የሚሰበስቡ ሕንዳዊ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ። የፊልሙን ታሪክ በስዋሂሊ ነገርኳቸው።

«ፊልሙ አለኝ» አሉ። «ግን ልጁ አይመጣም'ኮ።»

«እንዴት አይመጣም ሙዜ፣ አባቴ? ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«ፖሊሱ ልጇ አይደለም። ልጅሽ ሞቷል ሊላት ነው የመጣው።»

ክው አልኩ። ስንት ጊዜ ለካ ለቅሶ ቤቱን ሠርግ አድርጌዋለሁ! ሽማግሌው ግን መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አሰቡ። «እንደገና ቢሠሩት ያንተ መጨረሻ ይሻላል» አሉ። እኔ ደግሞ መቼ ያንሰኛል! የፊልሙ ክፉ አጎት ቶሎ ይታሰር፣ ዘፈኑም ይቀነስ ብዬ ጨመርኩበት። ዘፈኑ ላይ ተጣላን።

በፍላሽ ገልብጠው ሰጡኝ። መንገድ ላይ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፊልሙ ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ የልጅ ልጇ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የምትጠጣ። አደይ እውነተኛውን መጨረሻ ከሰማች ተስፋዋ እዚያው ሶፋ ላይ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ እንደደረስኩ የስክሪኑን ግርጌ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት።

«አንክል፣ ሳሳ፣ አሁን ይሄ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ከታች ይፈነጥቃል፤ ለአያትሽ ዓይን ጥሩ አይደለም።»

«ከታች ብቻ? ኡዎንጎ! ውሸታም!»

ጠቀስኳት፤ አልገባትም። ቆሜ መተርጎም ጀመርኩ፣ እንደ ድሮው አሳመርኩት። ልክ በሩ ሲንኳኳ ልጅቷ ብድግ ብላ ፕላስተሩን ላጠችው። «አዝናለሁ እናቴ፣ ልጅዎ ሞቷል» ብላ ለአያቷ አነበበች። «ዓባየ፣ ሰውየው እኮ ልጇ አይደለም! አንክል እየዋሸሽ ነው!»

 ፊልሙን ላጠፋ ሪሞቱን ፈለግሁ። አደይ ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን አደይ?»

«ሁሉንም። አንተ ሕንድኛ እንደማታውቅማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የኛንም በር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አንኳክቶታል። ምን ሊል እንደመጣም ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው አንተ ጋ መመላለስ የጀመርኩት።»

 ልጅቷ ፕላስተሩን እንደያዘች ወደ አያቷ ቀረበች። «ለእማዬ አልነገርሻትም? እሷ እኮ አሁንም አጎትሽ ይመጣል ትለኛለች!»

«ያኔ ሕፃን ነበረች። በኋላ ደግሞ፣ ይመጣል ስትል መስማት ወደድኩ።» ወደኔ ዞረች። «አንተ ምን ይገትርሃል? ወደ መጀመሪያው መልሰው። ግን አንድ ነገር አስተካክል። ልጁን መጨረሻ ላይ አታምጣው፤ መጀመሪያ ላይ አምጣው። እናትየዋን ምን አስረጃት? ይምጣና ዘፈኑን አብረው ይስሙ።»

መጀመሪያ ላይ በር የሚያንኳኳው ወተት ሻጭ ነው! ምን ላድርግ? «እማዬ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ ወተቱን እንደያዘ። አደይ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ልጁን ጓዳ አስተኛሁት፣ ገበያ ላክሁት፣ ሚስት ፈለግሁለት። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ መጣ፤ ልጁ ግን ቤት ገብቷል!

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለች አደይ።

እኔን ቀድማ ልጅቷ መለሰች። «የልጇ ጓደኛ ነው ዓባየ። ቻይ ሊጠጣ ነው የመጣው።»

«ይግባ እንጂ!»

አላምንም ያለ ኢምባካሲ ይሂድና ልጅቷን ይጠይቃት። ፓርክላንድስ ሽማግሌውን ይጠይቅ፤ ስለ ዘፈኑ አሁንም እንደተኳረፍን ይነግሩታል። አደይንም መጠየቅ ይቻላል፤ ልብ ያለው ይሞክራት።