የልጄን ፎቶ ላስጎላ ዳንግላ ሄጄ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳንግላ፣ ሰው ጓዳ ውስጥ፣ በቀይ አምፖል ሥር ቆሜ ሳቅሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ...

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ጣቴ ለስልክ ገና አልለመደም።

ልጄ ሙሉቀን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሙት ዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈለግሁ። እዚህ እንጅባራ ያሉ የኮምፒውተር ልጆች ከስልኩ ያገኙትን አጉልተው ሰጡኝ። ግን ኮትና ክራባት አልብሰውት፣ ፊቱን አቅልተውት፣ ከኋላው የማላውቀውን ፎቅ አቁመውበታል።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» ብላቸው፣

«የእርስዎ ነው እማማ፣ ትንሽ አሳምረነው ነው» አሉኝ።

ሳጥኔ ውስጥ ግን አንድ ነጌቲቭ ነበረኝ። ሙሉቀን ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በአጎቱ ሰርግ ቀን፣ የተሸለመ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የተነሣው ነው። የታጠበው ፎቶ ጠፍቶብኛል። ነጌቲቭ የሚያጥብ ሰው ሳፈላልግ ዳንግላ ጋሽ ምንይችል አሉልሽ አሉኝ፤ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ማጉያ ማሽናቸውን እስከ ዛሬ ያልሸጡ ሽማግሌ። ሚኒባስ ይዤ ሄድሁ።

ገና ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀበሉኝ። «ውይ እታለም፣ ለቅሶሽን ሳልደርስ!» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ምንይችል አቋረጧቸው።

«በኋላ! መብራት ሳይሄድ ሥራችንን እንሥራበት።»

«ሐዘንተኛ ቤቴ ድረስ መጥታ ሳላለቅስ?»

«አታልቅሺ መቼ አልሁ? በኋላ ነው ያልሁት!»

እትዬ ጥሩዬ ከጓዳው በር ውጭ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ለቅሷቸውን ይዘው መጠበቅ ጀመሩ።

ጓዳው መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ማሽኑ ረጅም አንገት አለው፤ ራሱን ደፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። ከላይ አምፖል፣ ከሥሩ ነጌቲቩ፣ ከዚያ ሌንሱ። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ምስሉ ተልቆ ይታያል። ነጌቲቭ ደግሞ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ነው የሚያሳየው። እናም ልጄን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ አየሁት... ያልደረሰበትን ሽበት እዚያ አየሁለት።

ፊቱ ግን ብዥ ብሏል።

«ይጠራል፣ ይጠራል» አሉ ጋሽ ምንይችል። ጎን ያለውን ማዞሪያ አዞሩ፤ አልጠራም። አንገቱን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ አልጠራም። ሌንሱን ፈትተው በነጠላዬ ጫፍ ጠረጉት። «አምፖሉ ሲሞቅ ነጌቲቩን ያጎብጠዋል» ብለው በሁለት መስታወት መካከል አጣበቁት፤ የጣታቸው አሻራ ተጨመረበት እንጂ ያው ነው። በመጨረሻ አስፋልቱን ከሰሱ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል አሉ። ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። መኪናው አለፈ። ልጄ እንደዚያው ብዥ።

«አለቀ?» አሉ እትዬ ጥሩዬ ከውጭ።

«አላለቀም!»

«እንግዲህ እንባዬ ሊደርቅ ነው።»

ጋሽ ምንይችል አፍንጫቸው ጠረጴዛውን እስኪነካ ጎንበስ ብለው ቆዩና፣ «እሜቴ፣ እስቲ ይምጡ። የፈረሱን ቃጭል ይዩት» አሉኝ።

አየሁ። ቃጭሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የፈረሱ ሽፋሽፍት እንኳ ጥርት ብሏል።

«ማሽኑ ቢታመም ኖሮ ፈረሱም ይደበዝዝ ነበር። የተነቃነቀው ልጁ ነው።»

ይኼ አልዋጥልኝ አለ። «ልጄማ ጨዋ ነበር! የተነቃነቀው ፈረሱ ይሆናል።»

«ፈረሱ እንደ ዳኛ ቆሟል እኮ እሜቴ!»

«ማሽኔ አርጅቷል አይሉም?»

«ማሽኔን ይተዉትና የልጅዎን እግር ይዩ!»

የልጄ እግር አራት አምስት ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ሁሉም መጣልኝ። ፎቶ አንሺው «አትነቃነቅ» እያለ ሲለምነው፣ ሙሉቀን የፈረሱን ጎን በተረከዙ ይደልቃል። ፈረሱ ንቅንቅ አይልም።

«እንዳለ ይታጠብ» አልሁ።

ከጥንቱ የፎቶ ወረቀት የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ጋሽ ምንይችል አንዱን ብርሃን አሳይተው መድኃኒቱ ውስጥ ነከሩት። መጀመሪያ ፈረሱ ብቅ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ እግር። እሱን ሳይ ያኔ ልጄ ያለኝ ትዝ አለኝና ለጋሽ ምንይችል ነገርኋቸው፤ «እማ፣ ይኼ ፈረስ ተበላሽቷል እኮ!»

ሳቄን ላፍነው ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍሁት። ባሰብኝ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ ሲቃ የመሰለ ድምፅ ያመልጠኛል...

በሩ ተበረገደ።

«ሳትጠሩኝ ጀመራችሁት!» ብለው እትዬ ጥሩዬ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ወይኔ ልጁን! ልጁን!»

«ወረቀቱን! ወረቀቱን!» ይላሉ ጋሽ ምንይችል።

«ልጁን!»

«በሩን!»

የደጁ ብርሃን ገብቶበት ዓይናችን እያየ ወረቀቱ ከሰል ሆነ።

እትዬ ጥሩዬ አፍጥጠው አዩኝ። «አንቺ... እየሳቅሽ ነው እንዴ?»

አፈርሁ። ግን ምክንያቱን ስነግራቸው እሳቸውም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። የመጨረሻዋን ወረቀት ስናጥብ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ዘበኛ ሆኑልን። ፎቶው ገመድ ላይ ሲደርቅ፣ እኔና እሳቸው ደጅ ተቀምጠን ያን የቆየ ለቅሶ አለቀስነው። ጥሩ አድርገን ነው ያለቀስነው።

ዛሬ ጠዋት ሰቀልሁት። ጎረቤቴ ገብታ ብዙ አየችው።

«ፈረሱ ሲያምር! ልጅሽ የታለ?»

«ያ ከላዩ ያለው። ፈረሱን ሂድ እያለው ነው።»

እስካሁን አልሄደለትም።