ሲስተር ቅጠል መውጋት የጀመሩ ጊዜ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» እያለ ይጠራቸዋል። እጃቸው ቀላል ነው ይባልላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ያ እጅ ሥራ ፈትቶ፣ ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ የቤቱን ዕቃ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዛውር ይውል ጀመር።

የወንድማቸው ልጅ የድንች በሽታ አጥኚ ናት። አንድ እሑድ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ቅጠል መውጋት ትችያለሽ?» አለቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ረዳቷ ሥራ ለቆባት፣ ራሷ ስትሞክር ደግሞ ቅጠሉን እየቀደደች ተቸግራ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሲስተር፣ ልጅቷ የሙከራ ተክሎቿን በምታሳድግበት የመስታወት ቤት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሠራተኛ ሆኑ። ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት ስለሆነ ረፋዱ ላይ ይፋጃል፤ መነጽራቸው ጉም ይለብሳል። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት የድንችና የትምባሆ ዘመድ የሆኑ ተክሎች በትንንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ተደርድረዋል። ሲስተር መርፌው የወለቀለትን ሲሪንጅ አፍ ከቅጠሉ ጀርባ ይገጥሙና፣ በሌላው ጎን በጣታቸው ደግፈው ቀስ ብለው ይገፉታል። ፈሳሹ ሲሰርግ አረንጓዴው ጠቆር ይላል። ከየተክሉ በአንድ ቅጠል ላይ በማርከር የተሠሩ ሦስት ክቦች አሉ። በአንደኛው ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው። በሁለተኛው፣ የድንች በሽታ አምጪው ተሕዋስ የሚጠቀምበት አንድ ፕሮቲን ይገባል። በሦስተኛው ያው ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይገባል። «ምን ምን እንደሚሠሩ ስመለስ እነግርሻለሁ» ብላ ልጅቷ ለስብሰባ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር በሩን ሲከፍቱ ክው አሉ። የውሃው ክብ እንዳለ ነው፤ በየቅጠሉ ላይ ሁለተኛው ክብ ግን ሞቷል፤ ቡናማ ሆኖ ረግቦ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ሦስተኛው ክብ ደግሞ ከአንድ ተክል በቀር በሁሉም ላይ አረንጓዴ ነው።

«አመረቀዘብኝ!» አሉ ጮክ ብለው። እሳቸው የወጉት ሰው አንድም ቀን አመርቅዞ አያውቅም። እጃቸውን አገላብጠው አዩ፤ ሲሪንጁን አዩ። ከዚያ መቀስ በአልኮል ጠረጉና፣ በሽታው ወደ ጤነኛው እንዳይዛመት፣ የሞተውን ሁሉ ቆርጠው አወጡ። አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን በመዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። የተበሳሱትን ቅጠሎች ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«አክስቴ፣ ውጤቴን የት አደረግሽው?»

«የምን ውጤት? የሞተውን ነው ያወጣሁልሽ!»

«የሞተው እኮ ነው ውጤቱ!»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተናዳለች፤ አክስቷን መቆጣት ግን አልሆነላትም።

«ስሚኝ። ተክል እንደ እኛ በደሙ የሚዞር ወታደር የለውም። እያንዳንዱ ሴል ራሱን ነው የሚጠብቀው። የመጀመሪያውን ፕሮቲን ሲለየው፣ ጠላት ገባ ብሎ ራሱን ይገድላል። ተሕዋሱ የሚፈልገው ሕያው ሴል ነው፤ ሬሳ ላይ ምን ያገኛል?»

«እና የሞተው ነው ጤነኛው?»

«ተከላክሏል ማለት ነው።»

«አረንጓዴውስ?»

«እሱ ነው የተሸነፈው። ሦስተኛው ክብ ውስጥ የጨመርነው ሁለተኛው ፕሮቲን የጠባቂውን አፍ ይዘጋዋል። ቅጠሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። እውነተኛው በሽታ ቢመጣ ያለ ከልካይ ይበላዋል።»

«አሁን ግን ታሟል ወይስ አልታመመም?»

«አሁንማ አልታመመም። ፕሮቲኑን ብቻ ነው የሰጠነው፤ ተሕዋሱ የለማ።»

«እንግዲያው ደህና ነው ብዬ መጻፌ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

ልጅቷ መዝገቡን ገልጣ አየችው።

ሲስተርም «ደህና ነው» የሚለውን የእጅ ጽሑፋቸውን አዩት። ከብዙ ዓመት በፊት ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ የተኙ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሏቸው። ጠዋት ሲስተር የሽማግሌውን ሙቀት ለክተው፣ ትኩሳት ስላጡባቸው፣ ካርዳቸው ላይ «ደህና ናቸው» ብለው ጽፈው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ዐረፉ። «የደከመ ሰውነት ማተኮስም ያቅተዋል» ብሏቸው ነበር ሐኪሙ። ያኔ የገባቸው መስሏቸው ነበር። አሁን ቅጠሉና ሽማግሌው ተደበላለቁባቸው፤ የቱ ከየቱ እንደሚመሳሰል ሊለዩት አልቻሉም።

«የቆረጥሻቸውን ጣልሻቸው?» አለች ልጅቷ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ምን ነካሽ? ከታማሚ የወጣ ነገር ሳይመረመር ይጣላል እንዴ?»

መሳቢያውን ሳቡት። አሥራ ሁለት ፖስታ፤ በየፖስታው ላይ የተክሉ ቁጥር፣ የክቡ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት። ልጅቷ እየሳቀች ፖስታዎቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። ሦስቱ ፖስታዎች ውስጥ ያለው ደርቆ ተሰባብሯል፤ የቀሩት ዘጠኙ ግን ለፎቶ በቁ።

ሰባተኛውን ፖስታ ስትከፍት ግን ፊቷ ተለወጠ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ክብ ሁለት ቁራጭ ነበረበት።

«ሦስተኛው ክብ መሞት አልነበረበትም። ጠርሙሱን አምታተሽ ይሆን?»

«እኔ? እኔ ብልቃጥ ላምታታ?» ሲስተር ቱግ አሉ።

ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀች። ተክል ሰባትን ሌላ ቅጠሉ ላይ፣ እሷ ከጎናቸው ቆማ እያየች፣ እንደገና ወጉት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ክቦች ሞቱ። ልጅቷ ራሷ እየቀደደችም ቢሆን ወጋችው፤ ያው ሆነ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሲስተር።

«አላውቅም። ሁሉንም ዝም የሚያሰኘው ፕሮቲን ይሄን ዝም አላሰኘውም፤ በሽታው ሊያሸንፈው አይችል ይሆናል። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ለሁሉ ነገር መልስ የነበራት ልጅ አልገባኝም ስትል ሲስተር ደስ ይበላቸው ይደንግጡ ጠፋባቸው። ተክል ሰባት ለብቻው ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ዘሩን የመልቀም ኃላፊነትም የሲስተር ሆነ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ባለቤታቸው፣ «በሽተኞችሽ እንዴት ሰነበቱ?» አሏቸው።

«አንዱ የትም ቢወጉት ይሞታል።»

«ውይ! አይዞሽ።»

«ኧረ ደስ ብሎን ነው!»

ባለቤታቸው ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሲስተር ሊያስረዷቸው ጀመሩ፤ ሁለተኛው ፕሮቲን ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸውና፣ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ» አሉ።