ድንጋዩ ላይ ቆሜ ድንጋይ ስጠራ

ያን ቀን ከጎማው ሥር ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይኼን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢያንስ ጥፋተኛውን አውቆ ይሂድ።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ የፈለግሁበት ቀን አለ። መድኃኒቴን መዋጤን ረስቼ ሁለቴ የዋጥኩበትም ቀን አለ። ያቺ ረፋድ ግን ከነሽታዋ ከነድምፅዋ እንዳለች ናት።

ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። በጉልበቴ ዘመን በአንድ የመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚህ ጭሮ ውስጥ ሥራዬ ምክር መስጠት ነው፤ የሚጠይቀኝ ሲጠፋም ሳልጠየቅ እሰጣለሁ። ከልቡ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ቢኖር ጎረቤቴ ጀማል ነው። ከአባቱ የወረሳት ትንሽ አሮጌ ትራክተር አለችው። ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራት የሚያስታውስ ሰው የለም። ጀማል ግን በእሷ የራሱንም የሰውንም መሬት እያረሰ አምስት ልጆች ያሳድጋል።

በዚያ ሰሞን ዝናቡ ጥሎ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ነበር። ረፋድ ላይ ስልክ ደወለልኝ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እቺ ነገር ሁለት ማርሽ ባንዴ ነክሳ መንገድ ላይ ቀረች። ወደፊት እምቢ፣ ወደኋላ እምቢ።»

«አትነካካት፣ መጣሁ» አልኩና መፍቻዎቼን በጆንያ ቋጠርኩ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «በዚህ ዕድሜህ ትራክተር ሥር ልትገባ ነው?» አለችኝ።

«እኔ አልገባም፤ የሚገባው ጀማል ነው» አልኳት።

ይህን የተናገርኩት ለቀልድ ነበር።

በባጃጅ ከከተማው መውጫ ደረስኩ። ትራክተሯ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቆማለች። ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ጀማል በግራ በኩል ከኋለኛው ትልቁ ጎማ ፊት እንዳትንከባለል አንድ ደህና ድንጋይ ታኮ አድርጎላታል። የገበያ ቀን ስለነበር መንገደኛው ብዙ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚሆን አንዲት ሴት ዐረፍ ብላለች። ከገበያ የገዛችው አዲስ የእንጨት ሙቀጫ አጠገቧ ቆሟል፤ ዘነዘናው ጭኗ ላይ ነው።

«አካም ጂርታ» አልኳት።

«ጋሪዳ» አለችና ትራክተሯን በአገጯ አመለከተች። «ትሄዳለች?»

«አሁን ትሄዳለች» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በሽታውን ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ካምቢዮ ማለት ማርሽ የታጨቀበት የብረት ሳጥን ነው። በጤናው ቀን አንዱ ማርሽ ሲነክስ ሌላው ይለቃል። ማርሾቹን የሚገፋው ሹካ ጫፉ ሲበላ ግን ሁለቱ ባንዴ ይነክሳሉ። አንዱ እንሩጥ ይላል፣ ሌላው ቀስ እንበል ይላል፤ በመሃል ጎማው ድርቅ ይላል። ብዙ ትዳር እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የካምቢዮውን የላይ ክዳን ከነማርሽ ዱላው ማንሳት፣ በካቻቢቴ ሹካዎቹን ወደ ቦታቸው መመለስ፣ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፤ ማለትም ምንም እንዳይነክስ።

ከዚያ በፊት አሮጌውን ዘይት አፍስሰን የብረት ብናኝ እንዳለው ማየት ፈለግሁ። ጀማል የተቆረጠ ጀሪካን ይዞ በቀኝ በኩል ገባ። በጀርባው ተኝቶ ራሱ ከሆዷ ሥር፣ እግሮቹ ከትልቁ ጎማ ፊት ወደ ውጭ ተዘርግተዋል። የማፍሰሻውን ብሎን መፍታት ጀመረ።

እኔ በግራ በኩል ነኝ። ክዳኑን ልፈታ ስል ቁመቴ አልደረሰም። እግዚአብሔር ሲፈጥረኝ ጭቃው አልቆበት እንደሆነ እናቴ ራሷ ትናገር ነበር። መቆሚያ ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ። እግሬ ሥር ያለው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ያ የጎማው ታኮ።

እዚህ ላይ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ሳላስብ ያደረግሁት አይደለምና። «ይቺ ሁለት ማርሽ የነከሰች ትራክተር ናት፣ ተቸንክራለች፣ ድንጋይ ለምኗ ነው?» አልኩ በልቤ። አርባ ዓመት የሠራ መካኒክ ብቻ ነው እንዲህ የሚያስበው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ፈርቶ ይተወው ነበር። ድንጋዩን ጎትቼ ወደ ራሴ አመጣሁና ላዩ ላይ ወጣሁ። ቁመቴም ልክ ሆነ።

ትዕግሥት ቢኖረኝ ዘይቱ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ እያየችኝ ነውና ሙያዬን ለማሳየት ቸኮልኩ። ክዳኑን አነሳሁ፣ ካቻቢቴውን ሰድጄ ሹካውን ገፋሁ። ማርሹ «ቀጭ» ብሎ ለቀቀ። እጄ አሁንም እጅ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

ፈገግታዬ ሳያልቅ ትራክተሯ ከፊቴ ሄደች።

ብትጮህ ደግ ነበር። ድምፅ ሳታሰማ፣ ከለቅሶ ቤት ቀድሞ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብላ ነው የሄደችው። የተደገፍኩት ነገር ሲሄድ እኔ ካቻቢቴ ይዤ ድንጋይ ላይ ቀረሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ቁልቁለቱ ላይ ይዘዋት የቆዩት እነዚያ የተጣሉ ሁለት ማርሾች ነበሩ። ፍሬን የላት፣ ታኮውን እኔ አንስቼዋለሁ፣ ማርሾቹንም እኔው አስታረቅኋቸው። የጀማል እግር ደግሞ ከጎማው ፊት ነው።

«ድንጋይ! ዳጋ! ድንጋይ አምጡ!» ብዬ ጮህኩ። ወርጄ ድንጋዩን ማንሳት አልመጣልኝም። እግሬ ከድንጋዩ ጋር የተሰፋ ይመስል አልላቀቅ አለ።

ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር «ቋ» አለ፤ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት። ትራክተሯ ተንገጫገጨችና ቆመች።

ከሥር የሰው ድምፅ የለም። ጎንበስ ብዬ ማየት አቃተኝ። ዓይኔን መሬት ላይ እንደተከልኩ ከሆዷ ሥር ጥቁር ነገር እየተጥመለመለ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል። ዕድሜ ልኬን እጄን ያጠቆረው የካምቢዮ ዘይት መሆኑን ረሳሁት። የጀማል ደም ነው የመሰለኝ። አምስቱ ልጆቹ አንድ በአንድ በዓይኔ ዞሩ።

«ጋሽ ወርቁ» አለ ከሥር አንድ የታፈነ ድምፅ። «አቦ ምን ነካዎት? ዘይቱን ፊቴ ላይ አፈሰሱት እኮ።»

ያኔ እግሬ ተፈታ። ድንጋዩን አቅፌ በትራክተሯ ጀርባ ዞሬ ሮጥኩ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ዛሬ አንሳው ብትሉኝ አልችልም።

ሴትዮዋ ከጎማው አጠገብ ተንበርክካለች። ሙቀጫዋን አንከባልላ ከትልቁ ጎማ ፊት ደቅናዋለች። ሙቀጫው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ግን ይዟል። ድንጋዩን አጠገቡ ሸጎጥኩ። እዚያው ቆሞ ይጠብቀኝ የነበረው ባጃጅ ነጂም ወርዶ ሌላ ድንጋይ ጨመረ። ከሙቀጫው እስከ ጀማል ጉልበት ያለውን በእጄ ለካሁ። አንድ ስንዝር አይሞላም።

ጀማል ተስቦ ወጣ። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ሙቀጫውን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጉልበቶቹን ተራ በተራ ዳሰሰ። «አልሐምዱሊላሂ» አለ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አየን።

«ድንጋዩን ማን አነሳው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ካቻቢቴውን በጋቢዬ መጥረግ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ሁሉን አይታለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች።

«ድንጋይ አይደለ? ይንከባለላል» አለች።

ጀማል ሊታጠብ ሲሄድ ወደ እኔ ዞር አለች። «ድንጋይ ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚጠራ ሰው ዛሬ አየሁ» አለችኝ፣ በቀስታ።

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ሽማግሌ መንገድ ላይ አይዋረድም። ቤትህ ገብተህ ራስህ ንገረው።»

የተሰነጠቀውን ሙቀጫ በእጇ ዳበሰችው። ለልጇ ነበር የገዛችው፤ ልጅቷ ልትዳር ነው። «በሚመጣው ገበያ እዚሁ ዛፍ ሥር አዲስ ሙቀጫ ይዤ እጠብቅሻለሁ» ብዬ ማልኩላት።

«ኢንሻአላህ በል» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ወደ መሰላ የሚሄድ መኪና ደርሶ ቆመላት። ዘነዘናዋን ይዛ ተሳፈረች። ስሟን ሳልጠይቃት መኪናው ሄደ።

ትራክተሯን እኔና ጀማል በሁለተኛው ቀን ጨረስናት። የሹካውን ጫፍ በበያጅ አስሞላን፣ በሞረድ አስተካከልኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላን። በአራቱም ጎማ ድንጋይ አስደርጌ ነው የነካኋት። ጀማል «አንድ አይበቃም?» ሲለኝ «እኔ ባለሁበት አይበቃም» አልኩት። ማሽላው በጊዜው ተዘራ። እኔ ግን ቤት ስገባ ወደቅኩ። ሐኪሙ «የደም ግፊት ነው» አለኝ፤ እኔ «ድንጋዩ ነው» አልኩ። ሁለት ገበያ አልጋ ላይ አለፈኝ። እጠብቅሻለሁ ብዬ የማልኩባት ገበያ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ጀማል ሊጠይቀኝ መጣ። ባለቤቴ ወጣ እስክትል ጠብቄ «ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ሴትዮዋ ነገረችህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ተኝቼ እኮ ነበር፤ ጫማዎትን ድንጋዩ ላይ አየሁት። ሲጎትቱትም ሰምቻለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ? ለምን አልወጣህም?»

«እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ሰውዬው ታኮው መነሳቱን እያየ፣ ሁለት እግሩን ዘርግቶ፣ በእኔ ተማምኖ ብሎን ይፈታ ነበር።

«ታዲያ ማን አነሳው ብለህ ለምን ጠየቅከኝ?»

«ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው፤ ካቻቢቴ መጥረግዎን ግን አልጠበቅኩም» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጋቢዬን ፊቴ ላይ ስቤ ነው።

ዛሬ መፍቻ ስይዝ እጄ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከሥር ማን እንዳለ አያለሁ። ባለቤቴ የወጥ ድስት ሥር ጎንበስ ብዬ ስመለከት ይዛኛለች። ይሳቅብኝ። ጀማል በሁለት እግሩ በደጄ ሲያልፍ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያ ስንዝር ትዝ ይለኛል።

አዲሱን ሙቀጫ እንደተሻለኝ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። በየገበያው ቀን ይዤው ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ጋሽ ወርቁ፣ ንግድ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሁለት ሰው ሊገዛው ተከራክሮኛል። ሙቀጫ ሻጮቹን ስለ ሴትዮዋ ስጠይቅ «በዚህ ዕድሜዎ ሴት ፍለጋ?» ብለው ሳቁብኝ። ባለቤቴ በርበሬ ልውቀጥበት ብትለኝ እንኳ የሰው ነው ብዬ ከልክያታለሁ።

መሰላ በኩል ዘነዘና ኖሯት ሙቀጫ የሌላት አዲስ ሙሽራ የምታውቁ ካላችሁ ለእናቷ ንገሩልኝ። ሙቀጫዋ ጭሮ፣ ደጄ ላይ ቆሟል። እስከዛሬ ማንም አልወቀጠበትም፤ እኔም አልቆምኩበትም።