በአሜንና በአሜን መካከል

እሸቴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ብሉሚንግተን ውስጥ የአንድ ሆቴል ሻትል ሹፌር ነው። እንግዶችን ከኤርፖርት ወደ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ ወደ ትልቁ ሞል ሲያመላልስ ይውላል። ሻንጣ ያነሣል፣ በር ይከፍታል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። መንገደኛው ስለ ብርዱ ቢያወራው ፈገግ ይላል፤ ስለ ኳስ ቢያወራውም እንደዚያው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለምንሳለም ለረጅም ዓመታት አውቀዋለሁ። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ሬሳ ሲሸኝ መጨረሻ ወደ ቤቱ የሚገባ እሱ ነው። ተናገር ሲባል ግን ጫማውን ያያል።

ለምን ሲባል መልሱ አጭር ነው። «ዘራችን ነው» ይላል። አባቱ ጉለሌ አናጢ ነበሩ፤ ሰፈሩ «ዝምታው» ይላቸው ነበር። አያቱም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። የንግግር ችሎታ ለእሸቴ እንደ ዓይን ቀለም ከእናትና ከአባት የሚመጣ እንጂ የሚማሩት ነገር አይደለም። ዋናው ማስረጃው ደግሞ የሚስቱ የሮማን አጎት አቶ ሰረቀብርሃን ናቸው።

አቶ ሰረቀብርሃንን የማያውቅ ሐበሻ ሴንት ፖል ውስጥ ጥቂት ነው። ሠርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ አንዱ ቤት ሲገዛ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ሲመርቁ ቃላቱ እየተጠራሩ ይመጣሉ። አንድን ምርቃት ደግመው ሲሉ የሰማቸው የለም። «ከየት ያመጡታል?» ሲባሉ፣ «ከአባቴ። ደም ነው» ይላሉ፤ ሲሉም አንገታቸው ቀና ይላል።

ነገሩ የመጣው የእሸቴ ልጅ ኤልሻዳይ ስትታጭ ነው። ኤልሻዳይ ዉድበሪ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። እጮኛዋ ፊራኦል የአምቦው ሰው የረጋሳ ልጅ ነው። ሽማግሎች መጥተው፣ እሺታው ተሰጥቶ፣ ቀለበቱ የታሰረ ቀን ሁለቱ ቤተሰቦች ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ እሸቴ ቤት ተሰበሰብን። ረጋሳ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ብርጭቆውን አነሣ።

«ኦቦ እሸቴ! እስቲ የልጅቷ አባት ይመርቅ!»

እሸቴ ተነሣ። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አለና ተቀመጠ። አሜን ያልነው እሱ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

«አቤት ቁጠባ!» አለ ረጋሳ። «ልጄ የገባው ሀብት ከማይባክንበት ቤት ነው!»

ሁሉም ሳቀ፤ እሸቴም አብሮ ሳቀ። አቶ ሰረቀብርሃን ተነሡና የጎደለውን ሞሉት። ያልሳቀችው ኤልሻዳይ ብቻ ነበረች። እንግዳው ከሄደ በኋላ ሳህን እያደራረቀች አባቷን ጠራችው። እኔ ሳሎን ውስጥ ካፖርቴን እየለበስኩ ነበር።

«አባዬ፣ የሠርጉ ቀን አንተ ነህ የምትመርቀኝ፤ ኦኬ?»

«ጋሽ ሰረቀ አሉ አይደል?»

«ጋሽ ሰረቀ ሁሉንም ሰው ይመርቃሉ። አይ ዎንት ዩ።»

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አልተሰጠኝም። ሲወለዱ ነው የሚሰጠው።»

«ሒሳብ፣ ማዝ፣ አልተሰጠኝም ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?»

ሮማን ቀድማ መለሰች። «ቁጭ በይና ሥሪ! እያለ አይደል ያስለቅስሽ የነበረው?»

«ሶ፣ አባዬ» አለች ኤልሻዳይ፣ «ቁጭ በልና ሥራ።»

በእኛ ልማድ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባትም ይመርቃል። አፍ ያለው ዘመድ ቢተካው ማንም አይቀየምም። ይህን እሸቴም ያውቃል። ግን ልጁ ከዚያ ሁሉ ድግስ ውስጥ ከእሱ የፈለገችው ይህችን ብቻ መሆኑ እንቅልፍ ነሣው። ሄዶ አቶ ሰረቀብርሃንን ያስተምሩኝ አላቸው።

«ይሄን ደግሞ ይማሩታል እንዴ?» አሉት። «ብትማረውም ከአንገት በላይ ይሆንብሃል። ተወው፣ እኔ እመርቃታለሁ።»

እሸቴ አልተወውም። እሳቸው በየሠርጉ የመረቁትን ከሰዎች ስልክ ሰበሰበ። ሻትሉ ባዶ ሲሆን ያንን እየከፈተ ያዳምጥ ጀመር። ደስ ያለውን እየመረጠ አንዱን ከአንዱ ቀጣጠለና በቃሉ አጠናው። ሮማን እንደነገረችኝ ጥርሱን ሲፋቅም ያንበለብለው ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ የዝክር ጠበል ጸዲቅ ነበር። እሸቴ ሳይጠየቅ ተነሣ።

«ቤታችሁ ሰላም የሰፈነበት፣ ማጀታችሁ የሞላ ይሁን!» አለ፤ ድምፁም ያምር ነበር።

«አሜን!» ብለን አዳራሹን አናወጥነው። እሱ ግን ሁለተኛውን ጀምሮ ኖሯል፤ በአሜናችን ውስጥ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እኛ ገና ለሁለተኛው አሜን እያልን ነበር። ግማሹ ሰው ዓረፍተ ነገሩ መሃል አሜን አለ፤ ልጆች ሳቁ። እሸቴ የትኛው ጋር እንደደረሰ ጠፋበት። ወደ ጣሪያው አየ፣ ጫማውን አየ፣ «ይቅርታ» ብሎ ተቀመጠ።

አጠገቡ ነበርኩ። «አትደንግጥ» አልኩት፤ «እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው።»

«ጋሼ፣ ፊደል ዝም ብሎ ይጠብቅዎታል» አለኝ። «ሰው አይጠብቅም።»



ያን ዕለት አቶ ሰረቀብርሃንንና እኔን ወደየቤታችን ያደረሰን እሱ ነው። መኪናው ሲነሣ፣ «ጋሽ ሰረቀ፣ አደራ፣ ልጄን እርስዎ ይመርቁልኝ። እኔ ሞክሬ አየሁት» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አቶ ሰረቀብርሃን ወዲያው እሺ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። «የት ተለማመድከው?»

«እዚሁ መንገድ ላይ፤ ድራይቭ እያደረግሁ።»

«ብቻህን? ታዲያ አሜን ማን ይልልህ ነበር?»

«ማን ይላል ጋሼ? ሻንጣው?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ገቱና ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባቴ የሚመርቅበት ድግስ ሁሉ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከኋላው ተቀምጬ አሜን ማለት ነው ሥራዬ። ቀድሜ ካልኩ ይቆነጥጠኛል፤ ዘግይቼ ካልኩም ይቆነጥጠኛል።»

«ታዲያ ደም ነው ይሉ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ ደም ይመስለኝ ነበር።» ወደ እሸቴ ዞሩ። «ስማኝ። ሰው አሜን ሲል ያሳርፍሃል። አባቴ ያኔ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ዓይኑን በቤቱ ያዞራል። ሴትዮዋ ሕፃን ታቅፋ ካየ ቀጥሎ ስለ ሕፃን ይመርቃል። ጣሪያው ሲያፈስ ካየ ስለ ጣሪያ ይመርቃል። ምርቃቱ የሚሠራው አሜን ሲባል ነው፤ አንተ ደግሞ አሜኑን ዘለልከው። የእኔንም ቃል አታጥና። ያለህበትን ቤት እየው።»

«ወንድምዎስ?» አልኩ፤ ታናሻቸው ሁለት ቃል መደርደር እንደማይሆንለት ስለማውቅ ነው። «እሱስ አብሮዎት አልተቀመጠም?»

«ተቀምጧል። እሱ አሜን ሲባል የሚያየው ሌማቱን ነበር።»

እንደ እኔ ግምት ከዚህ የተሻለ መልስ ለዚህ ጥያቄ አይገኝለትም። ሰው ሲፈጠር የሚለያይበት ነገር አይጠፋም ይሆናል፤ የሚበዛው ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሸቴ ቤት ልምምድ ሆነ። አሜን ባዮቹ ኤልሻዳይና ፊራኦል ነበሩ። ፊራኦል እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ «ኤይሜን» ይላል፤ አቶ ሰረቀብርሃን ይቆጡታል። «አሜን በል! ከሆድህ! አማትህን አታጣድፈው!» እሸቴ መጀመሪያ አካባቢ ከአንዱ አሜን በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ዓይኑ የተሰነጠቀ ስኒ ላይ ወደቀና፣ «የተሰነጠቀ ነገር የማይጣልበት ቤት ይስጣችሁ» አለ። ኤልሻዳይ አሜን ማለት ረስታ «ዋው» አለች። እሱ ራሱ ማን ተናገረ እንደሚል ሰው ዞር ብሎ አየ።

ረጋሳ «ሠርግ በጥር ነው» ብሎ ድርቅ ስላለ ሠርጉ በጥር ሆነ። አምቦ ጥር ፀሐይ ነው። እዚህ ግን ያን ቀን ሲተነፍሱ እንኳ አፍንጫ ውስጥ በረዶ ይሠራ ነበር። የሙሽራው አጃቢዎች የሁለቱ መኪና ባትሪ ሞቶባቸው ዘግይተው ደረሱ። ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል፤ ረጋሳም መነጽሩ በጉም ተሸፍኖ በእጁ እየዳበሰ ነው የገባው።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። እሸቴና ሮማን ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኤልሻዳይና ፊራኦል ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሳሙ። አቶ ሰረቀብርሃን በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሁሉም ሰው እሳቸውን አየ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ እሸቴ ዘረጉ።

እሸቴ እጁን በልጁ ራስ ላይ አደረገ። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አለ።

«አሜን!»

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ቪዲዮ አንሺው እንኳ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሮማን ከንፈሯን ነከሰች። እኔም አለቀለት አልኩ። ግን ጫማውን እያየ አልነበረም፤ በመስኮቱ አሻግሮ ሞተራቸው ሳይጠፋ በረዶ ላይ የተሰለፉትን መኪናዎች ያይ ነበር።

«በብርድ ቀን ሞተራችሁ እንቢ አይበላችሁ!»

መጀመሪያ ሳቅ መጣ፤ ከሳቁ ውስጥ ከሆድ የወጣ አሜን መጣ። እሸቴ ጠበቀው። አሜኑ እስኪያልቅ በር ላይ የተከመረውን የእንግዳ ቦት ጫማ አየ።

«ደጃችሁ ላይ የእንግዳ ጫማ ይብዛ! ከብዛቱ የራሳችሁ ይጥፋባችሁ!»

«አሜን!»

ረጋሳ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር።

«ስታረጁ፣ ዓይናችሁ ሲደክም፣ አንዱ የሌላውን መነጽር ይጥረግ!»

«አሜን! አሜን!» አለ ረጋሳ ለብቻው፤ መነጽሩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ልጁ አጎነበሰ። «ልጄ፣ ዝምታ ቤት አደግሽ» አለ። «ጫጫታ የበዛበት ቤት ይስጥሽ።»

አሜኑን የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሮማን በእልልታ ሸፈነችው። ኤልሻዳይ ጉልበቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ሚዜዎቹ ሜካፑ ሊበላሽ ነው ብለው እየጮሁ ሶፍት ፍለጋ ተሯሯጡ።

ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲነሡ ረጋሳ እሸቴን ትከሻውን ይዞ፣ «ኦቦ እሸቴ፣ የቅልቅሉን ቀንም እኛ ቤት አንተ ነህ!» አለው። እሸቴ «እናያለን» ብሎ ከእጁ አመለጠ።

ስፈልገው ወጥ ቤት አገኘሁት። እንደ ሮማን አባባል ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሎት ነበር። አሁን ከረባቱን ወደ ኋላ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ቆሞ፣ ከድስቱ እያወጣ ይበላል። ላቡ ደርቋል፤ ፊቱ ከባድ ሻንጣ አውርዶ የተመለሰ ሰው ፊት ነው። በር ላይ ቆሜ ሳየው ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ምን ያዩኛል? ይምጡ ይብሉ እንጂ!» ብሎ ሳህን አቀበለኝ።