ዝንብና ብሩሽ

ጋሽ ወልደየስ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤታቸው ጓሮ ማንም ያልለመናቸውን ፍሬ ሁሉ ያበቅላሉ። ቢጫ እንጆሪ፣ ጥቁር ቲማቲም፣ ውስጡ እንደ ላዩ የቀላ ፖም። ቤዝመንታቸውን ተከራይቼ ስለምኖር ያላቀመሱኝ የለም። ከሁሉም የሚኮሩበት ግን ፓውፓው የሚባለው ዛፍ ነበር። ስሙ ፓፓያ ፓፓያ ቢልም ዝምድና የላቸውም። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ በማንኪያ የሚበላ፣ ከጊሽጣና ከሙዝ ተቀላቅሎ የተሠራ የሚመስል ፍሬ ነው። ሱቅ ገብታችሁ አታገኙትም።

ይህ ዛፍ ብቻውን አያፈራም። ሌላ ዝርያ የሆነ ፓውፓው አጠገቡ መኖር አለበት፤ ከዚያኛው አበባ ብናኝ ካልደረሰው አበባው ረግፎ ይቀራል። ስለዚህ ጋሽ ወልደየስና ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጓደኛቸው ጋሽ ተገኝ በአንድ ቀን፣ አጥሩን ተጠግተው፣ በየጓሯቸው አንዳንድ ተከሉ። አበባው የከረመ ሥጋ ስለሚሸት ንብ ዞር ብላ አታየውም። «ዝንብ ይበቃዋል» ይላሉ ጋሽ ወልደየስ። ጋሽ ተገኝ ግን ዝንብ አያምኑም። የልጆች የቀለም ብሩሽ ይዘው፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ያደርሱ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛፉን ልትኩለው ነው እንዴ?»

«ዝንቦችህ ዛሬ ኦፍ ናቸው፤ ሺፍታቸውን እኔ እየሸፈንኩላቸው ነው!»

እንዲህ ሲቀላለዱ ኖረው በአንድ ቅርንጫፍ ተጣሉ። የጋሽ ወልደየስ ዛፍ አጥሩን ተሻግሮ የጋሽ ተገኝን የዕቃ ቤት ጣሪያ ይፍቅ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ከኤርፖርት ሥራቸው፣ ዊልቸር ሲገፉ ውለው ሲመለሱ ቅርንጫፉ ተቆርጧል።

«ሳትጠይቀኝ ዛፌን ትቆርጣለህ?»

«ቅርንጫፍ እኮ ነው፣ ወልደየስ።»

«ሁለተኛ ከዛፌ አንዲት ነገር ብትወስድ፣ ወዳጄ አይደለህም!» ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ጋሽ ተገኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አንድ ይቅርታ ይጨርሰው ነበር። ግን እነሱ ያለ ሽማግሌ መታረቅ ነውር ይመስላቸዋል። «ያጠፋው እሱ ነው፤ ሽማግሌ ይላክ» ይላሉ ጋሽ ወልደየስ። ከማዶም የተላከ የለም። ቤተ ክርስቲያን አንዱ ከፊት ሲቆሙ ሌላው በሩ ሥር ይቆማሉ። የእኚህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ኩርፊያ እንዴት ያናድደኝ እንደነበር!

የሚገርመው፣ በኩርፊያው ዓመታት የጋሽ ወልደየስ ዛፍ ከመቼውም ይልቅ አፈራ። የጋሽ ተገኝ ግን አንድም አልያዘም።

«አየሽ? ዝንብ ይበቃል ብዬ አልነበር?» አሉኝ። ወደ ማዶው ባዶ ዛፍ እያዩ ደግሞ «እሱንስ እግዜር አይቶ ነው የነሳው» አሉና ሳቁ። በመስከረም ለማኅበርተኛው ሁሉ ሲያድሉ ወደዚያ ቤት አንድም አልሄደም። ልውሰድላቸው ብላቸው ተቆጡኝ። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ። ያኔ እኔው ራሴ በሳህን እወስድለታለሁ።»

ባለፈው ጥር ጋሽ ተገኝ ከነርሲንግ ሆም የሌሊት ሥራቸው ገብተው እንደተኙ ቀሩ። ለቅሶው ላይ ወንበር የደረደሩት፣ ውኃ ያደሉት ጋሽ ወልደየስ ናቸው። አላለቀሱም። ማታ ማታ ብቻ «ሽማግሌ ሊልክብኝ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ሊልክብኝ ነበር» እያሉ ለራሳቸው ያወራሉ።

ፀደይ ሲመጣ ሁለቱም ዛፎች በአበባ ተሸፈኑ። አመዳይ አልመታቸውም፣ በረዶም አልወረደም፣ ዝንቡም እንደ ጉድ ነበር። አበባው ግን እንዳለ ረገፈ። ጋሽ ወልደየስ ቅጠል እየገለጡ ቢፈልጉ አንድም ፍሬ አላገኙም። አፈሩን ወቀሱ፣ ውኃውን ወቀሱ።

መስከረም ላይ የጋሽ ተገኝ ባለቤት እትዬ ኮከብ ከማዶ ተጣሩ። እኔ ጎመን እየቀጠፍኩ ነበር።

«ጋሽ ወልደየስ፣ ዘንድሮ ፍሬው የለም?»

«የለም፣ ኮከብ። ዝንቡ ምን እንደነካው እንጃ።»

እትዬ ኮከብ ወደ ቤት ገቡና ጸጉሩ ያለቀ ብሩሽ ይዘው ወጡ።

«ዝንቡማ ይሄ ነበር» አሉ። «እርስዎ ሥራ ሲሄዱ ጠብቆ፣ ከሌሊት ሥራ እንደገባ፣ ሳይተኛ ወንበር ይዞ ይወጣል። ከእኛ አበባ ብናኝ እየወሰደ በአጥሩ ላይ ለእርስዎ ያደርሳል። ሽማግሌ ላክ ብዬ ስጨቀጭቀው ‹በየዓመቱ እየላክሁ አይደል? እሱም ይበላዋል› ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ወልደየስ አጥሩን ያዙ። «የራሱስ? የእሱ ዛፍ ለምን አላፈራም?»

«ከዛፌ አትውሰድ ብለውት የለ? ለእርስዎ ሰጠ እንጂ ከእርስዎ አልወሰደም።»

ለቅሶው ላይ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ። ያን ያህል ዓመት ያናደዱኝ ሰውዬ አሳዘኑኝ፤ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ።

«አንድም አላቀመስኩትም» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ኮከብ፣ ብሩሹንም በአጥሩ ላይ አቀበሏቸው።