ሰማንያ አምስት ግራም

ከቦንጋ የመጣልኝን ከረጢት አፉን ስፈታ የዶርም ክፍላችንን የሞላው ሽታ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ኮረሪማ ነው። ከረጢቱን አባቴ ራሱ ከጆንያ ቁራጭ ሰፍቶ ነው የላከው። ስፌቱን ልብ ብለሽ አላየሽው ይሆናል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ጫፉ ላይ ሲባጎው ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። እኔ ግን ሽታውን ትቼ ስፌቱን ሳይ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አባቴ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው። ጨው፣ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፤ ከማንኪራ ከሚመጡ ገበሬዎች ደግሞ ኮረሪማና ማር ይገዛል። ከሱቁ ጀርባ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልነበራቸው አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። የቡና ነጋዴዎችን የተቀደደ ጆንያ እየሰፉ ነው የሚተዳደሩት። ልብሳቸው ሁልጊዜ ቃጫ ቃጫ ይሸታል። እጃቸው ሻካራ፣ ስፌታቸው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር።

ሴትዮዋ ከማንም ምጽዋት አይቀበሉም። አንድ ነጋዴ ሰደቃ ብሎ የላከላቸውን ጨርቅ በላኪው ልጅ እጅ መልሰውበታል። የአባቴን ዘካ ግን በየረመዳኑ ይቀበሉ ነበር። ልዩነቱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። ሰደቃ ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። ዘካ ግን ሀብቱ ልክ የሞላለት ሰው ላይ ያለ ግዴታ ነው፤ ለድሃው ደግሞ መብቱ፣ ሐቁ ነው። ስለዚህ አባቴ ፖስታውን ሲያቀብላቸው "እትዬ፣ ሐቅዎን ይውሰዱ" ይላል። እሳቸውም አያመሰግኑም። "ዘንድሮ ደግሞ ስኳርህን ውሃ አጠጥተህ ነው የከበርከው?" ብለው ይስቁበትና ፖስታውን መቀነታቸው ውስጥ ይከቱታል።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ በሦስተኛው ክረምት ረመዳን ነሐሴ ላይ ዋለ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን ዘካ ግዴታ የሚሆንበት የሀብት ልክ ኒሷብ እንደሚባል አስተማሩን። ሰማንያ አምስት ግራም ወርቅ ወይም ዋጋው ነው፤ እዳ ተቀንሶ፣ አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው ከአርባ አንዱ ይወጣል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ግን ግዴታ የለበትም። እኔ ትምህርት ሲገባኝ ለሰው ካላሳየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ስለዚህ የአባቴን ሱቅ በሙሉ በደብተሬ ላሰላ ተነሳሁ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሳሙናውን ካርቶን ቆጠርኩ፤ ኮረሪማውን በሱቁ ሚዛን መዘንኩ። አባቴ "ለመድረሳ ነው" ስለው ፈቀደልኝ። ጅማ ወርቅ ቤት ያለው ዘመዳችን ጋ ደውሎ የግራሙን ዋጋ ጠየቀልኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ነበር፤ ይህ ትዝ ያለኝ ግን ቆይቶ ነው። መጨረሻ ላይ በዱቤ ያመጣውን የጨውና የስኳር እዳ ቀነስኩ። የቀረው የኒሷቡን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ተሳሳትኩ ብዬ ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

በዚያው ቀን ማፍጠሪያ ላይ ሴትዮዋ እኛ ቤት ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቴምር በልተን ሾርባው እንደቀረበ አባቴ ፖስታውን አወጣና "እትዬ፣ ሐቅዎን ይውሰዱ" አለ። እኔ ደብተሬን ይዤ ዘለልኩ።

"አባ፣ አንተ እኮ ኒሷብ አልሞላህም! ግዴታ የለብህም። ይሄ ዘካ ሳይሆን ሰደቃ ነው!"

እንዲያመሰግኑኝ ጠበቅኩ። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

"ልጅ ናት፤ ሒሳቡ ተምታቶባት ነው" አለ አባቴ።

"ቃዲያችን አትሳሳትም" አሉ ሴትዮዋ። ቃዲ፣ ማለትም ዳኛ፣ የሚሉኝ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቁም። "ሳይሞላልህ ስትሰጠኝ ስንት ዓመት ሆነህ?"

"እትዬ፣ ሾርባው..."

"ስንት ዓመት ሆነህ አልኩህ እኮ።"

አባቴ፣ "ወርቅ ከተወደደ ወዲህ" አላቸው።

ሴትዮዋ ፖስታውን ቀስ ብለው ከቴምሩ ሰሃን ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ሾርባቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፤ እናቴንም አመስግነው ወጡ። ፖስታው እዚያው ቀረ።

በማግስቱ አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም። ስኳር በወረቀት እየጠቀለለ፣ "ሒሳብሽ ልክ ነው" አለኝ። "እኔም አውቀዋለሁ። ዘካ ስላቸው አንገታቸውን ሳይደፉ ይቀበሉኛል፤ ለዚህ ነው።"

"ውሸት ነው ግን" አልኩት።

"ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ" አለና ሌላ ወረቀት አነሳ።

ደብተሬን ኡስታዙም አዩት። "ማሻ አላህ! አንድ ስህተት የለውም" አሉኝ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት። የተመኘሁት ይህን ነበር። ደብተሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የአባቴን ፖስታ ነክተው አያውቁም። አባቴ ግን ሌላ ዘዴ ፈጠረ። አንድ ቀን ጓዳ ስገባ ደህና ጆንያ በቢላዋ ሲተለትል አገኘሁት። "ሂጂ፣ ትምህርትሽን አጥኚ" አለኝ ሳይዞር። በሳምንቱ አሥር የተቀደደ ጆንያ ሴትዮዋ ዘንድ ወሰደ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። እሳቸው አንዱን ገልብጠው አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉት፣

"አንተ ሰውዬ፣ ሱቅህ አይጥ በዝቶበታል መሰለኝ።"

"በዝቷል እትዬ፣ ምን ላድርግ?"

"ይሄኛው አይጥ ደግሞ ቢላዋ ይዟል" አሉት። መርፌያቸውን ግን አነሱ። የሠሩበትን ዋጋ ሲሰጣቸው ቆጥረው ተቀበሉ፤ አንዳንዴም "ጨምር!" ይሉት ነበር። እኔን እስከ መጨረሻው ቃዲ ማለታቸውን አልተዉም። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከመፈተኔ በፊት በነበረው ክረምት ሞቱ። መርፌያቸው ጆንያ ላይ እንደተሰካ ነበር ያገኘነው።

ትናንት አባቴ ደወለ። ከረጢቱ መድረሱን ጠየቀኝ። ከዚያ፣ "ሞላ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ኒሷቡ። እዳው አለቀ፤ ዓመቱም ደረሰ። ሁለት ጊዜ አሰላሁት፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ።"

ደስ አለኝ አልኩት። ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ለማን ሰጠኸው ብዬ ስጠይቀው፣ "ለይቼ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ" አለ። "ኡስታዙ የችግረኞች ስም ሰጥተውኛል። ነገ እሰጣለሁ።" የዚያኑ ዕለት ለምን እንዳልሰጠው አልጠየቅኩትም።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን፣ "ስፌቱ አያምርም አይደል?" አለኝ። "የሚሰፋልኝ ሰው አጣሁ።"